በአሮጌ ባለሸራ ጀልባ ላይ የምሰሶ ወጣሪ ገመዶችን መምረጥና መተካት፦ የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ ለምን ተጻፈ

ባለሸራ ጀልባ ላይ ምሰሶ ሲወድቅ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚለቀው ምሰሶው አይደለም። ቀድሞ የሚለቀው ቀጥ አድርገው የያዙት የብረት ገመዶች ወይም ገመዶቹ የታሰሩበት አንድ ትንሽ ዕቃ ነው። ምሰሶው የሚሰበረው ከዚያ በኋላ ነው።

እዚህ የምጽፈው ስለ አንድ ጀልባ ነው። ባለቤቶቹ ባልና ሚስት ናቸው። ሥራውን የመራው የምሰሶና የገመድ ባለሙያ ነው። እኔ ልኬት እየያዝኩና ዕቃ እየፈታሁ አብሬያቸው ሠርቻለሁ። የማንንም ስም አልጠቅስም። ባልና ሚስቱ ይዘውት የመጡት ጥያቄ አሮጌ ጀልባ የገዛ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ነው፦ «የትኛውን ሽቦ እንግዛ?» መልሱን ያገኘነው ሽቦው ራሱ ላይ አይደለም፣ ጫፎቹ ላይ ነው። ሰው ልብ የማይለው ይህንን ስለሆነ መዝግቤ ማቆየት ፈለግኩ።

ጀልባዋ

ርዝመቷ 9 ሜትር ገደማ ነው። በ1970ዎቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከፋይበርግላስ የተሠራች ናት። ምሰሶዋ አሉሚኒየም ነው፤ ቁመቱ 12 ሜትር ይጠጋል። የምሰሶው እግር ያረፈው ላይኛው ወለል ላይ ነው፣ ወደ ቀፎው (ወደ ጀልባዋ አካል) ውስጥ ገብቶ ታች አይደርስም። ስለዚህ ገመዶቹ ካልያዙት በራሱ አይቆምም። ድንኳን ያለ ወጣሪ ገመድ እንደማይቆም ማለት ነው።

ወጣሪዎቹ ስምንት ናቸው። አንዱ ከምሰሶው አናት ወደ ጀልባዋ አፍንጫ፣ አንዱ ደግሞ ወደ ኋላ ይወርዳል። በግራና በቀኝ አንድ አንድ ዋና የጎን ወጣሪ አለ፤ እነዚህ ከአናት ተነስተው፣ ምሰሶው መካከል ላይ ባሉት አግዳሚ ክንዶች ጫፍ አልፈው ወደ ወለሉ ይደርሳሉ። የቀሩት አራቱ አጫጭር ናቸው። ከክንዶቹ ሥር ተነስተው ሁለቱ ወደ ፊት፣ ሁለቱ ወደ ኋላ ዘመም ብለው ይወርዳሉ፤ ምሰሶው ወገቡ ላይ እንዳይጎብጥ ይይዙታል። ረጃጅሞቹ 6 ሚሊ ሜትር፣ አጫጭሮቹ 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት አላቸው። ሁሉም ከስቴንለስ የተገመዱ ባለ 19 ዘንግ ሽቦዎች ናቸው፦ መሐል አንድ፣ በዙሪያው ስድስት፣ ከላይ አሥራ ሁለት።

ችግሩ እንዴት ታወቀ

የሻጩ ቃል «ገመዶቹ በቅርቡ ተቀይረዋል» የሚል ነበር። ደረሰኝ ግን የለም፣ የተጻፈ ቀን የለም። ኢንሹራንሱ ደግሞ ማስረጃ ጠየቀ። ብዙ የኢንሹራንስ ድርጅቶች ወጣሪዎች ከ10 እስከ 15 ዓመት ካገለገሉ በኋላ እንዲቀየሩ ወይም በባለሙያ እንዲመረመሩ ይፈልጋሉ። ባለሙያው የተጠራው ለዚህ ነው።

ሽቦዎቹ ከሩቅ ሲታዩ ያብረቀርቃሉ። ባለሙያው ግን መሐላቸውን እምብዛም አላያቸውም። በአጉሊ መነጽር የታችኛውን ጫፍ መያዣ አንድ በአንድ ማየት ጀመረ። ጫፍ መያዣ የምለው ሽቦው የሚገባበትን የብረት ቱቦ ነው። ፋብሪካ ውስጥ ሽቦው ቱቦው ውስጥ ይገባና ቱቦው በከባድ ማሽን ተጨምቆ ከሽቦው ጋር አንድ ይሆናል። በግራ በኩል ካሉት አጫጭሮች አንዱ ላይ፣ ልክ ሽቦው ቱቦው ውስጥ በሚገባበት አፍ፣ ከአሥራ ሁለቱ የውጭ ዘንጎች አንዱ ተበጥሶ ተገኘ። የቀኙ ዋና ወጣሪ ቱቦ ላይ ከላይ ወደ ታች የሄደ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ታየ። ሌላ ሁለት ቱቦ አፍ ላይ ቡናማ እድፍ ነበር።

ስቴንለስ አይዝግም ይባላል እንጂ ይዝጋል። ከዝገት የሚጠብቀው በውስጡ ያለው ክሮም ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ላዩ ላይ የሚሠራው ስስ ሽፋን ነው። ሽፋኑ ሲጫር መልሶ ራሱን ያድሳል፤ ይህን የሚያደርገው ግን ኦክስጅን ካገኘ ብቻ ነው። ጠባብ ቦታ ውስጥ ጨዋማ ውሃ ከቆመ ኦክስጅኑ ያልቃል፣ ሽፋኑ ይፈርሳል፣ ብረቱ ከውስጥ መበላት ይጀምራል። የታችኛው ቱቦ አፉ ወደ ሰማይ የተከፈተ ስለሆነ ሽቦውን ተከትሎ የወረደው ውሃ ሁሉ እዚያ ይጠራቀማል። የላይኛው ቱቦ አፉ ወደ ታች ስለሆነ ውሃው ይፈሳል። የተገኙት ጉዳቶች በሙሉ ታች መሆናቸው አጋጣሚ አይደለም።

በዚህ ላይ የብረት ድካም አለ፣ ማለትም ደጋግሞ በመታጠፍ የሚመጣ መሰበር። ጀልባዋ በነፋስ ስትጋደል በነፋሱ በኩል ያለው ወጣሪ ይወጠራል፣ የተቃራኒው ይላላል። የላላው ሽቦ በእያንዳንዱ ማዕበል ይወዛወዛል። የሚታጠፈው ደግሞ ሁልጊዜ ቱቦው አፍ ላይ፣ አንድ ቦታ ነው።

የቀረቡት አማራጮች

ባልየው የፈለገው ወፍራም ሽቦ ነው። «አንድ ቁጥር ከፍ እናድርገው፤ ከጠነከረ ምን ይጎዳል?» አለ። ይህን ሐሳብ ብዙ ሰው ያነሳዋል። ባለሙያው የመለሰለት በጀልባዋ ሚዛን ነው። ነፋሱ ሸራውን ሲገፋ ጀልባዋ ትጋደላለች፤ ከታች ያለው ክብደት ደግሞ መልሶ ያቃናታል። በጎን ወጣሪ ላይ የሚያርፈው ጭነት የሚወሰነው ጀልባዋ ለመቃናት ባላት ጉልበት ነው። ቀፎው ያው፣ የታች ክብደቱ ያው፣ ምሰሶው ያው ከሆነ ጭነቱም ያው ነው። የመጀመሪያው ነዳፊ ሽቦውን ሲመርጥ ከሚጠበቀው ጭነት በላይ የሚችል አድርጎ መጠባበቂያውን አስልቶበታል። አዲስ 6 ሚሊ ሜትር ሽቦ ለመበጠስ 2.8 ቶን ገደማ ይጠይቃል። ያ አቅም ያረጀው በዕድሜ ነው፣ ከመጀመሪያው አንሶ አይደለም።

7 ሚሊ ሜትር ብናደርገውስ? ጥንካሬው በሲሶ ያህል ይጨምራል፤ ክብደቱም እንዲሁ። ጭማሪው የሚመጣው ደግሞ ጀልባዋ ክብደት በማትፈልግበት ቦታ፣ ከላይ ነው። በዚያ ላይ የቀረበልን የ7 ሚሊ ሜትር ጫፍ መያዣ ከበፊቱ የወፈረ ፐርኖ (የማያያዣ ሚስማር) ነበረው። ወፍራም ፐርኖ ለማስገባት ወለሉ ላይ ያለው የማሰሪያ ሰሌዳ፣ ማለትም ወጣሪው ታች የሚታሰርበት ብረት፣ ቀዳዳው መስፋት አለበት። ቀዳዳው ሲሰፋ እስከ ሰሌዳው ጠርዝ የሚቀረው ብረት ይሳሳል። ሽቦውን አጠንክረን ሰሌዳውን ልናደክም ነው ማለት ነው። ባልየው ይህን በካሊፐር ራሱ ለክቶ ሲያየው ሐሳቡን ለወጠ።

ሚስትየው የመጣችው በሌላ ሐሳብ ነው፦ ዳይኒማ በሚባለው ሰው ሠራሽ ክር የተገመደ ገመድ። ጥሩ አጥንታው ነበር። ገመዱ በውሃ ላይ ይንሳፈፋል። ለተመሳሳይ ሥራ ከብረት ሽቦ እጅግ ይቀላል። አይዝግም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ጫፉን በእጇ ጠልፋ ልትሠራው ትችላለች፤ ማሽን አያስፈልግም። እኔ በግሌ ይህ አማራጭ ከሚገባው በታች ይገመታል ብዬ አምናለሁ።

ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ይህ ክር በቋሚ ጭነት ሥር ቀስ በቀስ ይረዝማል። ስለዚህ ውፍረቱ የሚመረጠው ስንት ኪሎ ሲሆን ይበጠሳል ተብሎ ብቻ አይደለም፣ በዓመት ምን ያህል ይረዝማል ተብሎም ነው። ሁለተኛ፣ ሙቀት። የ12 ሜትር አሉሚኒየም ምሰሶ ሙቀቱ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጨምር 5 ሚሊ ሜትር ተኩል ገደማ ይረዝማል። ስቴንለስ ሽቦ አብሮት 4 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚረዝም ልዩነቱ ትንሽ ነው። ዳይኒማ ግን ሲሞቅ በጥቂቱ ያጥራል። ቀን የጠበቀው ወጣሪ ሌሊት ይላላል ማለት ነው። ጀልባው አጠገብ የሚኖርና ዘወትር ውጥረቱን የሚያስተካክል ሰው ይህን ይችለዋል።

ባለሙያው እንዲህ አላት፦ «ሐሳብዎ ጥሩ ነው። ግን ጀልባዋ ለወራት ብቻዋን ነው የምትቆመው። ማን ይከታተልልዎታል?» ያን ጥያቄ ማንም ሊመልስ አልቻለም። ነገሩ በዚያ ተቋጨ።

የቀሩት አማራጮች ብዙ ጊዜ አልወሰዱም። ዘንጎቹ ተጨምቀው የተቀራረቡበት ሽቦ በተመሳሳይ ውፍረት ሲሶ ያህል ይጠነክራል፤ ለውድድር ጀልባ ደስ ይላል፣ ለዚህች ግን አያስፈልግም። ድፍን የብረት ዘንግ ውድ ነው፣ ሊለቅ ሲልም ምልክት እምብዛም አይሰጥም። በዚንክ የተለበጠ የተራ ብረት ሽቦ ዝገቱን ፊት ለፊት ስለሚያሳይ ታማኝ ነው፤ ግን ያለማቋረጥ ዘይት መቀባት ይፈልጋል።

ሐሳቡን የለወጠው ግኝት

ምርጫው ተጠናቀቀ በተባለበት ጊዜ ባለሙያው የማሰሪያ ሰሌዳዎቹ ካልወጡ ሽቦ አላዝም አለ። ሰሌዳዎቹ በየጎኑ ሦስት ሦስት ናቸው። ወለሉን ሰንጥቀው ወደ ውስጥ ይወርዱና ከታች ከቀፎው ጋር በብሎን ይታሰራሉ። ከላይ የሚታየው ክፍላቸው ንጹሕ ነበር። ከታች የሚታየውም ንጹሕ ነበር።

አውጥተናቸው ጠረጴዛ ላይ ደረደርናቸው። በወለሉ ውፍረት ውስጥ ተደብቆ የኖረው ክፍል፣ ሁለት ጣት የማይሞላ ቁመት፣ ጠቁሮ ነበር። ባለሙያው ቀይ ፈሳሽ ነፋባቸው፣ ትንሽ አቆየና በጨርቅ ጠርጎ አጸዳቸው፤ ከዚያ ነጭ ብናኝ ረጨ። ፈሳሹ የገባበት ስንጥቅ ካለ ቀዩ ቀለም ወደ ነጩ ይሰርጋል። አራቱ ነጭ እንደሆኑ ቀሩ። ሁለቱ ላይ ግን ቀስ እያለ ቀጭን ቀይ መስመር ወጣ፤ አንደኛው ከጠርዝ ተነስቶ የሰሌዳውን ወርድ ግማሽ ያህል አቋርጧል። የትኛውም ምርጥ ሽቦ ቢገዛ የሚንጠለጠለው እዚህ ላይ ነበር።

ስድስቱም ሰሌዳዎች እንዲቀየሩ ተወሰነ። ለሽቦ ማሳደጊያ የታሰበው ገንዘብ ወደዚህ ዞረ።

የተወሰነውና የተሠራው

ሽቦው እንደ በፊቱ ባለ 19 ዘንግ፣ እንደ በፊቱ 6 እና 5 ሚሊ ሜትር ሆነ። የብረቱ ዓይነት ግን 316 እንዲሆን ተደረገ። 316 ከ2 እስከ 3 በመቶ ሞሊብዲነም ስላለው ከተለመደው 304 ይልቅ ጨውን ይቋቋማል፤ በጥንካሬ ጥቂት ያንሳል።

ዋናው ውሳኔ የጫፎቹ ነው። የላይኛው ጫፍ በማሽን የተጨመቀ ቱቦ፣ የታችኛው በእጅ የሚገጠም ባለ ጥርስ መያዣ እንዲሆን ተስማማን። የእጁ እንዲህ ይገጠማል። ሽቦው በሴጌቶ ንጹሕ ተደርጎ ይቆረጣል። አሥራ ሁለቱ የውጭ ዘንጎች ይተረተራሉ። መሐል ባሉት ሰባት ዘንጎች ላይ ትንሽ ሾጣጣ ብረት ትገባለች፤ ጫፏ ላይ የመሐሉ ሽቦ በጥቂቱ ብቅ ማለት አለበት። ከዚያ የውጭዎቹ ዘንጎች በሾጣጣዋ ዙሪያ እኩል እኩል ተመልሰው ይደረደራሉ፣ ክዳኑም በሁለት ቁልፍ ይጠብቃል። አንዴ ይከፈትና ዘንጎቹ ሳይደራረቡ መተኛታቸው ይታያል። በመጨረሻ ውስጡ ውሃ በማያስገባ ማሸጊያ ተሞልቶ ይዘጋል። ውሃ ይቆምበት የነበረው ክፍተት በዚህ ይሞላል። ወደፊትም ከፍቶ ማየት ይቻላል።

መወጠሪያዎቹም፣ ማለትም እየዞሩ ሽቦውን የሚያጠብቁት ባለ ብሎን ዕቃዎች፣ አዲስ ሆኑ። አካላቸው ነሐስ፣ ብሎናቸው ስቴንለስ። ስቴንለስ በስቴንለስ ላይ ሲሽከረከር ጥርሱ ተነካክሶ መጣበቅ ይወዳል፤ ነሐሱ ይህን ያስቀራል። ከእያንዳንዱ በታች በሁለት አቅጣጫ የሚታጠፍ መገጣጠሚያ ገባ። የፊቱ ወጣሪ ሸራ ስለሚገፋው ከላይም ከታችም ተደረገለት። ይህች ትንሽ መገጣጠሚያ ከሌለች በማዕበሉ መወዛወዝ ሁሉ የሚታጠፈው ሽቦው ይሆናል።

ምሰሶው በክሬን ወረደ። ከወረደ አይቀር ተብሎ አናቱ ላይ ያሉት ተሽከርካሪዎች፣ የኤሌክትሪክ ሽቦውና ስቴንለስ ብሎኖች አሉሚኒየሙን የነኩበት ቦታ ታዩ። አሉሚኒየሙ ነጭ ዱቄት አውጥቶ ነበር። ብሎኖቹ ጸድተው ሁለቱን ብረቶች የሚለይ ቅባት ተቀብተው ተመለሱ።

ያልሠራው

ከአጫጭሮቹ ወደ ኋላ የሚወርዱት ሁለቱ ረዘሙ። የቀድሞዎቹ ርዝመት መሬት ላይ ሲለካ ስህተት ገብቶ ነበር። መወጠሪያዎቹ ጥርሳቸው እስኪያልቅ ቢዞሩም ሽቦዎቹ አልጠበቁም። የታችኛው ጫፍ በእጅ የሚገጠም ባይሆን ኖሮ ሁለቱም ሽቦዎች ይጣሉ ነበር። ተከፍተው፣ ጥቂት ተቆርጦላቸው፣ በአዲስ ሾጣጣ ተመልሰው ተገጠሙ። ያገለገለች ሾጣጣ ደግማ አትገባም፤ ስለዚህ ትርፍ መግዛት ያስፈልጋል።

የሰሌዳዎቹ ማሸጊያም በመጀመሪያው ዝናብ አፈሰሰ። ማሸጊያው ተቀብቶ ሳይደርቅ ብሎኖቹ በአንዴ እስከ መጨረሻው ስለጠበቁ አብዛኛው ተጨምቆ ወጥቷል። በሁለተኛው ዙር በቀዳዳዎቹ ዙሪያ የረጠበው የወለሉ ውስጠኛ እንጨት ተፍቆ ወጣ፣ ቦታው በኢፖክሲ (ደርቆ በሚጠነክር ሙጫ) ተሞላ፣ ሲደርቅ የሰሌዳው ማለፊያ ቀዳዳ በኢፖክሲው ራሱ ውስጥ ተከፈተ። አሁን ውሃ ቢያልፍ እንኳ እንጨቱን አያገኘውም። ከላይ ለስላሳ የቡቲል ማሸጊያ ተደርጎ ቀስ በቀስ ጠበቀ። ከዚያ በኋላ አላፈሰሰም።

ያልታሰበ ወጪ ያመጣው ደግሞ የፊት ሸራ መጠቅለያው ነው። የፊቱ ወጣሪ በዚህ የአሉሚኒየም ቱቦ ውስጥ ያልፋል። ቱቦውን የሚያያይዙት ብሎኖች ከአሉሚኒየሙ ጋር ተጣብቀው አንዱ ክፍል ሲፈታ ተሰበረ። ብዙ ሰው ይህን ፈርቶ የፊቱን ወጣሪ ሳይቀይር ይተወዋል። ለዓይን የማይታየው አንድ ገመድ እሱ ስለሆነ ከሁሉም በላይ መቀየር ያለበት ይመስለኛል።

ውጥረቱን ማስተካከል

አዲስ ሽቦ መጀመሪያ ላይ ዘንጎቹ እስኪደላደሉ ትንሽ ይረዝማል። ስለዚህ ከመጀመሪያዎቹ ጉዞዎች በኋላ ደግሞ መወጠር ግድ ነው።

ለልኬቱ ውድ መሣሪያ አልተጠቀምንም። 2 ሜትር የሚሆን ተጣጣፊ የእንጨት ሜትር የላይ ጫፉ በቴፕ ከሽቦው ጋር ይጣበቃል፤ የታችኛው ጫፍ ያለበት ሽቦው ላይ ምልክት ይደረጋል። መወጠሪያው ሲዞር ሽቦው ከሜትሩ ይሸሻል። ለዚህ ዓይነት ሽቦ በ2 ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር መርዘም ማለት የመበጠሻ ጭነቱ 5 በመቶ ያህል ማለት ነው። ዋናዎቹ የጎን ወጣሪዎች 3 ሚሊ ሜትር እስኪሆኑ፣ ማለትም 15 በመቶ፣ ግራና ቀኙን እያፈራረቁ ተወጠሩ። ከዚያ ጀልባዋ በነፋስ እየሄደች ወደ 20 ዲግሪ ስትጋደል የላላው ጎን ታየ። ትንሽ መላላቱ ያለ ነው፤ መንቀጥቀጥና መወናጨፍ ግን የለበትም። ባልየው ጉንጩን ምሰሶው ሥር አስጠግቶ ወደ ላይ አየ፤ ምሰሶው ከእግር እስከ አናት ቀጥ ብሎ ነበር።

ለሌላ ጀልባ የሚወሰድ

ሽቦ ከመጠየቅ በፊት ጫፎቹን፣ መወጠሪያዎቹንና በተለይ የማሰሪያ ሰሌዳዎቹን አውጥቶ ማየት ያስፈልጋል። ሰሌዳ ሳይወጣ አይመረመርም፤ የሚበላው በወለሉ ውፍረት ውስጥ ነው።

የመጀመሪያው ውፍረት በምክንያት የተመረጠ ነው። ምሰሶው ካልረዘመ፣ የታች ክብደቱ ካልተለወጠ ያንኑ መመለስ ይበቃል። ከተለወጠ ግን ስሌቱ እንደ አዲስ ይሠራል እንጂ በግምት «አንድ ቁጥር ከፍ» አይባልም።

ሰው ሠራሽ ገመድና ሽቦ ሲወዳደሩ ከጥንካሬው ይልቅ ጀልባዋን ማን፣ በየስንት ጊዜው ያያታል የሚለው ይወስናል። የሚስትየው ሐሳብም ከንቱ አልቀረም። ከረጅሙ ወጣሪ የሚበልጥ ርዝመት ያለው ዳይኒማ ጀልባዋ ውስጥ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ባሕር ላይ አንዱ ሽቦ ቢበጠስ በእጅ ተጠልፎ ቦታውን ይይዛል።

ልኬት ከተቻለ ምሰሶው ቆሞ፣ ሽቦው ተወጥሮ ሳለ፣ ከፐርኖ መሐል እስከ ፐርኖ መሐል ይወሰድ። መወጠሪያዎቹ ከተወጠሩ በኋላ ግማሽ ጥርሳቸው ቢቀር ወደፊት ለማጥበቅም ለማላላትም ቦታ ይኖራል።

ኮፒሊያዎቹ፣ ማለትም ፐርኖው እንዳይወጣ የሚይዙት ሁለት እግር ያላቸው ሽቦዎች፣ ጫፋቸው በትንሹ ብቻ ይከፈት፤ ዙሪያውን የተጠማዘዘ ኮፒሊያ በችግር ሰዓት በፍጥነት አይወጣም። ሸራ እንዳይቀዱ ቴፕ ማድረግ ጥሩ ነው። ጫፍ መያዣውን ግን በቴፕ ወይም በፕላስቲክ ጥብቅ አድርጎ መሸፈን ያው የቆመ ውሃ መልሶ መጥራት ነው። ባልና ሚስቱ አሁን በየዓመቱ የታችኛውን ጫፎች በንጹሕ ውሃ ያጥባሉ፣ በአጉሊ መነጽር ያያሉ፣ ቀኑን ከሽቦው ዓይነትና ውፍረት ጋር በደብተር ይጽፋሉ። ኢንሹራንሱም ማስረጃ አድርጎ የተቀበለው ያንን ደብተር ከባለሙያው ደረሰኝ ጋር ነው።